ጠረጴዛውን ያልዞረው ሰው

ቨርል ሲሞንሰን ድንች ገበሬ ነበር። ለብዙ ዓመትም ቢሾፓችን ነበር። ቢሾፕ ሲባል ቆብና ካባ የሚታየው ሰው ካለ ይተወው። እኛ ሞርሞኖች ዘንድ ቢሾፕ ማለት ሳምንቱን ሙሉ ትራክተር ላይ ሲንገጫገጭ ከርሞ፣ እሑድ ጠዋት ጥፍሩ ሥር የገባውን አፈር ፈግፍጎ፣ ክራቫቱን አስሮ የሰፈሩን ነፍስ የሚጠብቅ ጎረቤት ነው። ደሞዝ የለውም፤ እረፍትማ ጭራሽ። ባልና ሚስት ሲጣሉ እሱ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ልጇ አልታዘዝ ያላት እናትም እሱ ፊት ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሹመቱ ሲሰጠው "እኔ ለዚህ አልሆንም" ብሎ ነበር። ሁሉም እንዲያ ይላል፤ ቨርል ግን ከልቡ ነበር።

ሰው ማዳመጥ ይችልበታል። ይሄን ጠላት ቢኖረው ጠላቱም ይመሰክርለታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ኮሪደር መጨረሻ ባለችው ጠባብ ቢሮ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ፣ ትልልቅ እጆቹን አጣጥፎ ዝም ብሎ ይሰማል። ሰዓቱን አያይም፤ ስልክ አያነሳም። ስንቶቻችን ነን እዚያ ወንበር ላይ የተነፋረቅነው። ቤቱ ሲገባ ግን ያ ሰውዬ ከክራቫቱ ጋር መስቀያው ላይ ይቀራል። ራቱን በልቶ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተንበርክኮ ጸልዮ፣ ወይ ወደ ድንች መጋዘኑ ወይ ወደ አንዱ በሽተኛ ቤት ይወጣል። ልጆቹ ከአባታቸው ፊት ይልቅ ጀርባውን ያውቁታል ብል አላጋነንኩም።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። ትልቋ ብሪን፣ ቀጥሎ ቴይን፣ ከዚያ ሁሉም ነገር አበቃ ከተባለ በኋላ ሳትታሰብ የመጣችው ማሬን። ቴይን የሁለት ዓመት የስብከት አገልግሎቱን፣ ሚሲዮኑን፣ ፔሩ ጨርሶ ሲመለስ ሰፈሩ ልጁን ሊካፈለው ምንም አልቀረውም። የሚያፏጭ፣ የሚሥቅ፣ የመስኖ ቧንቧ ተሸክሞ ከአባቱ ቀድሞ ማሳው ጫፍ የሚደርስ ልጅ ነው። ሴት ልጅ ያላት እናት ሁሉ ኬክ ይዛ ከሲሞንሰን ቤት በር አትጠፋም። እህት ቮንዳ ደግሞ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁሉም እህትና ወንድም ነው የሚባባለው፣ አፏ አያርፍም። እሑድ ጠዋት ኮሪደሩ መሀል ትይዘውና፣

"አንተ ልጅ! ሚስት የምታገባው በምርኩዝ ነው?" ትለዋለች።

"ቆንጆዎቹ እናንተ ቀድማችሁ አግብታችሁብኝ ነው እንጂ" ይላታል እሱም። ሰው ይሥቃል። እናቱ ላሩ ግን በዚህ ስትሥቅ አይቻት አላውቅም፤ መለስ ብለን ስናስበው ነው እንጂ ያኔ ያስተዋለ አልነበረም።

ብሪን የምታገባው በመኸር ማግስት፣ ድንቹ ሁሉ ተነቅሎ መጋዘን ከገባ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ጋብቻው ለዚህ ዓለም ብቻ አይደለም፤ ባልና ሚስቱን ለዘላለም የሚያስተሳስር ነውና ቤተ መቅደስ ውስጥ ይፈጸማል። እዚያ ደግሞ ዘመድ ነኝ ተብሎ ዘው አይባልም። ቢሾፑ ጥያቄ ጠይቆ የፈረመበት የመግቢያ ካርድ ያስፈልጋል። ካርድ የሌለው፣ የሙሽራዋ ወንድምም ይሁን እናት፣ ሣሩ ላይ ሆኖ ከልጆች ጋር ይጠብቃል። የቴይን ካርድ ጊዜው አልፎበት ነበር።

ከቢሾፑ ሁለት ረዳቶች አንዱ ጋ ሄዶ በአምስት ደቂቃ መጨረስ ይችል ነበር፤ የቢሾፕ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ቴይን ግን ጸሐፊውን ጠይቆ ከቢሾፑ ከራሱ ጋር ቀጠሮ አስያዘ። ቨርል ይሄን የሰማው ቁርስ ላይ ነው።

"አባትህን ለማየት ቀጠሮ ያዝክ?" አለው እየሣቀ።

"ምን ላድርግ፣ ሰውዬው በሌላ መንገድ አይገኝም።"

"እንግዲህ ሰዓት አክብር። ቢሾፑ ኃይለኛ ነው።"

ላሩ ጀርባዋን ሰጥታ ገንፎ ታማስል ነበር። ማማሰያዋ ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረች። ቨርል ያቺን ቅጽበት ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠራትም፤ ኋላ ግን ሌት ተቀን ተመላለሰችበት።

እሑድ ከሰዓት ቴይን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ገባ። "ጤና ይስጥልኝ ቢሾፕ፣ እንዴት ዋሉ?" ብሎ በአንቱታ ሲቀልድ ቨርልም ፈገግ አለ። ጥያቄዎቹን ጀመሩ። በእግዚአብሔር ታምናለህ? አምናለሁ። አልኮል፣ ቡና፣ ትምባሆ? አልነካም። ሥጋህን በንጽሕና ጠብቀሃል? ጠብቄአለሁ። ቨርል ጥያቄዎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ካርዱ ላይ የልጁን ስም እየጻፈ ነበር የሚጠይቀው።

"በምትሠራው ሁሉ ሐቀኛ ነህ?"

ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ቨርል ቀና አለ።

"አይደለሁም" አለ ቴይን።

"ምንድን ነው? ፈተና ኮርጀህ ነው?" ቨርል አሁንም ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም።

"ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ እየዋሸሁ ነው። ለብሪን፣ ለሰፈሩ፣ ለአንተ። ሴት አልወድም አባዬ። የምወደው ወንድ ነው።" ልጁ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦታል። "ሞክሬአለሁ። ጾሜአለሁ። ሚሲዮን የሄድኩትም ግማሹ ለዚህ ነበር። ፔሩ እያለሁ ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ፣ ጌታ ሆይ ውሰድልኝ፣ ውሰድልኝ ስል ኖርኩ። አልወሰደልኝም።"

ቨርል አየው። የተናገረው ልጅ ፊቱ ቁጭ ብሏል፤ ትንሽ ሳለ በትከሻው ተሸክሞት ማሳ ለማሳ የዞረው ልጅ። በዚያች ሰዓት ምን እንደሚል ያላወቀ ሰው የሚያውቀውን ይዞ ይንጠለጠላል፤ ቨርልም የሚያውቀው ሥራውን ነበር። ድምፁን አስተካክሎ ጠየቀ።

"ያደረግከው ነገር አለ?"

"የለም።"

"ከማንም ጋር?"

"ከማንም። ግን የምወደው ሰው አለ። ምንም አልተባባልንም። እንድንባባል ግን እመኛለሁ። እውነቱን ጠይቀኸኛል፤ እውነቱ ይሄ ነው።"

"ስማኝ" አለ ቨርል። "ስሜት ኃጢአት አይደለም። ያላደረግከውን ነገር ማንም አይይዝብህም። ከእንግዲህም እንደማታደርግ ቃል ግባልኝ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ዕድሜ ልክህን ከወንድ ጋር እንደማትኖር።"

"ዕድሜ ልኬን ብቻዬን?"

"ጌታ ያግዝሃል።"

"ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው አባዬ። ይሄን ቃል ብገባልህ የቅድሙን ጥያቄ መልሼ ዋሸሁ ማለት ነው።"

ቨርል እስክሪብቶውን አየው። ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ ኪሱ ከተተው። በጣም ቀስ ብሎ ነው የከተተው። ልጁን ማጽናናት ፈለገ፤ ለማጽናኛም ያለውን አንድ ነገር ሰጠው።

"ይሄ ነገር ከዚህ በር አይወጣም። እናትህም ብትሆን ከኔ አፍ አትሰማም።"

"እናቴማ..." ብሎ ቴይን ጀመረና ዋጠው። ከዚያ፣ "ከቢሾፑ ጋር ጨርሻለሁ። አሁን አባቴን ማናገር እችላለሁ?" አለ።

ኮሪደሩ ላይ ተራዋን የምትጠብቀው እህት ቮንዳ ጉሮሮዋን ጠረገች። በዚያ ቢሮ ውስጥ ሰዓቱን አይቶ የማያውቀው ቨርል ሰዓቱን አየ።

"ቤት እንነጋገራለን።"

ቴይን ወዲያው አልተነሳም። ጠረጴዛውን እያየ ቆየ። ያን ያህል ሰፊ ጠረጴዛ አይደለም፤ ወንበሩን ገፋ አድርጎ የተነሳ ሰው ዞሮት ይመጣል። ሰው ሲወጣ ቢሾፑ መጨበጥ ልማዱ ነውና ቨርል እጁን በጠረጴዛው ላይ አሻግሮ ዘረጋ። ልጁም ጨበጠው። አባትና ልጅ እንደ እንግዳ ተጨባብጠው ተለያዩ።

ቤት አልተነጋገሩም።

የሠርጉ ቀን ነፋሱ ፊት ይልጥ ነበር። ወንዙ ዳር ያለው ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ነጭ ምንጣፍ ባለበት ክፍል፣ ብሪን ከሙሽራው ጋር ትይዩ ተንበርክካ ለዘላለም ታሰረች። ላሩ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በእጅ ቦርሳዋ ያዘችው። ቦታው የተያዘ ነው እንዴ ብሎ አንድ አጎት ሲጠይቃት "አዎ" አለችው። ሥርዓቱ እስኪያልቅ ቦርሳውን አላነሳችም። ቨርል ይሄን አየ። አይቶም ዓይኑን መለሰ።

ውጭ ሣሩ ላይ ቴይን የዘመዱን ሁሉ ካፖርት ታቅፎ ቆሟል። ማሬን ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ ስላልደረሰ አትገባም፤ የወንድሟን እጅ ይዛ "አንተ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆነህ ለምን አልገባህም?" ትለዋለች። "አንቺን ማን ይጠብቅሻል?" ይላታል። እንግዲህ ሚስጥሩ ከዚያ በር አይወጣም የተባለው፣ ሣሩ ላይ ቆሞ ለሰፈሩ ሁሉ ታየ። ያልገባ ሰው ለምን እንዳልገባ መገመት እኛ ዘንድ የሳምንት ሥራ ነው። አንዱ መጠጥ ጀምሯል አለ። ሌላው ፔሩ ውስጥ ልጅ ወልዶ ኖሯል አለ። እህት ቮንዳ "እኔ ቀድሞም ሣቁ አላማረኝም" አለች፤ ከሣቁ የበለጠ የምትወደው ነገር እንዳልነበረ እያወቅን።

ብሪን ከነቬሎዋ ወጥታ ወንድሟን አቀፈችው። ኋላ ግን አባቷን ጥግ ይዛ፣

"ምን አድርጎ ነው?" አለችው።

"ልነግርሽ አልችልም።"

"ሰው ገድሎ ነው?"

"ብሪን፣ ቢሾፕ የሰማውን አያወራም።"

"እኔ ቢሾፕ አልጠየቅኩም" አለች እያለቀሰች። "አባቴን ነው የጠየቅኩት።"

ቨርል ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። ዝምታውን እንደ ጽድቅ ነበር የሚቆጥረው። "ክፉ ነገር አላደረገም" የምትል አንዲት ቃል የሰፈሩን ምላስ ታስረው ነበር፤ ያቺን ቃል እንኳ ልጁን ነፈገው። ይሄ እኔን እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ቴይን በብርዱ ወራት መጀመሪያ ልብሱን ጭኖ ቦይዚ ከተማ ሄደ፤ ነርስነት ተምሮ ሆስፒታል ገባ። ለዓመቱ የምስጋና በዓል መጣ። የቱርክ ዶሮው ተቆረሰ፤ ላሩ በክሬምና በቺዝ የጋገረችው ድንች፣ ከላይ ኮርንፍሌክሱ እንደተበተነበት፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቨርል ጉሮሮውን ጠራርጎ፣

"መንገዱ እንዴት ነበር?" አለ።

"ደህና ነው። ተራራው ላይ ትንሽ በረዶ አለ።"

"ጎማህን ቀይረሃል?"

"ቀይሬአለሁ።"

ቴይን ሹካውን አስቀምጦ ጠበቀ። ሌላ ጥያቄ አልመጣም። በዓመቱም እንዲሁ፤ መንገዱ፣ በረዶው፣ ጎማው። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ተረኛ ነኝ እያለ ቀረ። ስልክ ሲደወልም ቨርል መንገዱን ይጠይቃል፤ ማንም ወደ የትም በማይሄድበት ቀን። አንድ ቀን ልጁ ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ስሙን እንዳስፋቀ ከላይ ወሬ ደረሰው። ከአንድ ወንድ ጋር መኖሩንም ሰማ። ቨርል መጋዘኑ ገብቶ፣ በዚያ አፈር አፈር በሚሸት ጨለማ ውስጥ ድንች ክምሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን አብሶ ወደ ሚስቱ ገባ፤ አሁንም ምንም አላላትም። ቃሉ ነዋ።

ላሩም ምንም አትጠይቀውም። ይሄ ይገርመው ነበር። ልጇ ለምን እንደራቀ አንድ ቀን አፍ አውጥታ አልጠየቀችውም። በወር አንዴ ቦይዚ አጠገብ ወዳለችው እህቷ ሜልባ ትሄዳለች፤ የተጋገረውን ድንች በፎጣ ጠቅልላ ይዛ። ሜልባ መቼም ብዙ ትበላለች ይል ነበር ቨርል በሆዱ። የመግቢያ ካርዷን የምታሳድስበት ጊዜ ሲደርስም ባሏ ቢሾፕ ነውና እሱ ፊት ተቀመጠች። በምትሠሪው ሁሉ ሐቀኛ ነሽ? ሲላት ትንሽ አሰብ አደረገችና "አቅሜ የፈቀደውን ያህል" አለችው። ሥቆ ፈረመላት።

ቆይቶ ሹመቱን ለሌላ አስረከበ። አመሰገንነው፣ ኬክ ቆረስንለት። አሁን አባት ለመሆን ጊዜ አለኝ ብሎ አስቦ እንደሆነ እንጃ። በዚያው ዓመት ላሩ ቆሽቷ ላይ ካንሰር ተገኘባት።

ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚሠራ ነገር የለም ያላት ቀን፣ በፒክአፑ እየተመለሱ ነበር። ፀሐይ ወጥቷል፤ ማሳው ግራና ቀኝ ታርሶ ጥቁር ብሏል። ላሩ መስኮቱን እያየች፣

"ሜልባ ጋ ሄጄ አላውቅም" አለች።

"ምን?"

"አንድ ሁለቴ ሄጄ ይሆናል። የምሄደው ቴይን ቤት ነው። ኬሲ ይባላል ሰውዬው። ቀይ ጢም አለው። ድንቹን ድስቱን ጠርጎ ነው የሚበላው።"

ቨርል መኪናውን ወደ ጠርዝ አወጣና አቆመው።

"ታውቂያለሽ?"

"ሚሲዮን ሳይሄድ ነው የነገረኝ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሰሃን እያጠብን።"

"እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት... ቃል ስለሰጠሁት እኮ ነው ላሩ። አንቺን እንዳላሳዝን። የቢሾፕ ሚስጥር..."

"አቁም" አለችው። ጮክ አላለችም፤ ጉልበቱም አልነበራት። "ማን የላከው ይመስልሃል? እኔ ነኝ አንተ ጋ የላክሁት። 'አባዬ ቆሞ አይሰማኝም' አለኝ። ቀጠሮ ያዝ አልኩት። እዚያ ወንበር ላይ ካልሆነ አባትህ ሰው አይሰማም፣ ስትነግረው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠረጴዛውን ዞሮ ይመጣል አልኩት። ማልኩለት ቨርል። አውቀዋለሁ ባሌን ብዬ ማልኩለት።"

የጭነት መኪና አለፈና ፒክአፑን ነቀነቀው።

"ያን ቀን ቤት ሲገባ 'እማዬ፣ ጨበጠኝ' ነው ያለኝ። ሌላ ምንም አላለም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንድ ቀን ቢሾፕነቱን አውልቀህ ትመጣለህ ብዬ ስጠብቅህ ነበራ" አለች። "አሁን መጠበቂያ ጊዜ የለኝም። ንዳ፣ በረደኝ።"

በሦስተኛው ወር ሞተች። እስከዚያች ቀን ድረስ ቨርል ስልኩን ስንቴ አንስቶ ስንቴ እንዳስቀመጠው እሱና አምላኩ ያውቃሉ። ለቀብሩ ቴይን መጣ፤ ቀይ ጢም ካለው ረጅም ሰው ጋር መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሰው ዞር እያለ አያቸው። ሥርዓቱ ሲያልቅ ቨርል በሰው መሀል እየተጋፋ መጣ። ምን እንደሚል ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ነበር። ልጁ ፊት ሲቆም ያጠናው ሁሉ ጠፋበት።

"መንገዱ እንዴት ነበር?" አለ።

ቴይን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አባቱን እያየ ጠበቀ፤ ልክ ያኔ ሹካውን አስቀምጦ እንደጠበቀው። "ደረቅ ነበር" አለ በመጨረሻ። እህቶቹን ሳም ሳም አድርጎ፣ የለቀስተኛው ምግብ ሳይቀርብ ሄዱ።

ማሬን አደገችና እሷም በተራዋ ባል አገኘች። ሠርጉ በጸደይ ተቆረጠ። የቨርልም ካርድ ጊዜው ደርሶ ነበርና አዲሱ ቢሾፕ ዘንድ ገባ። አዲሱ ቢሾፕ ከርቢ ይባላል፤ ትራክተር ጠጋኝ ነው፣ የቨርልን ማሽን ሁሉ የሚጠግን ልጅ። ያቺው ጠባብ ቢሮ፣ ያው ጠረጴዛ። ቨርል በዚህኛው ወገን ተቀምጦበት አያውቅም።

"ወንድም ሲሞንሰን፣ እርስዎን መጠየቅ አባቴን እንደ መመርመር ነው" አለ ከርቢ እየሣቀ። "ቶሎ ቶሎ እንበለውና እንገላገል።"

ቶሎ ቶሎ አሉት። አምናለሁ፣ አልነካም፣ ጠብቄአለሁ። ሐቀኛ ነዎት? ላይ ሲደርሱ ከርቢ መልሱን ሳይጠብቅ እስክሪብቶውን አሳረፈ።

"አይደለሁም" አለ ቨርል።

"ኧረ ይተዉ! እርስዎ?"

"ልጄ እዚህ፣ አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ተቀምጬ ሳለ ምን እንዳለኝ አልነግርህም። የኔን ግን እነግርሃለሁ። የቢሾፕ ሚስጥር ነው እያልኩ ኖርኩ። ለሚስቴ፣ ለልጆቼ፣ ለራሴ። ሚስጥር አልነበረም። ፈርቼ ነው። ሹመቱ ውስጥ ገብቼ ተደበቅሁ።"

ከርቢ ጥቂት ተቁነጠነጠ። "ይሄ እኮ... ወንድም ሲሞንሰን፣ ይሄ ከቤተ መቅደስ የሚያስቀር ነገር አይደለም። የልጅዎ ሠርግ ነው። እኔ እፈርማለሁ።"

"ከዚህ ባነሰ ነገር ያልፈረምኩለት ሰው አለ" አለና ቨርል ተነሳ።

ማሬን ስትሰማ እብድ ሆነች። "እማዬ የለችም! አንተም ደግሞ? ምን አድርጌህ ነው በኔ ቀን የምታደርገው?" አለችው። እውነቷን ነው፤ ምንም አላደረገችውም። ቨርልም ቴይን ይመጣ እንደሆነ ፈራ ተባ እያለ ጠየቃት።

"ለመንኩት። 'ያን ሣር አንዴ ቆሜበታለሁ፣ ፎቶ ላኪልኝ' ነው ያለኝ" አለችው።

በሠርጉ ቀን የቀድሞው ቢሾፕ ቨርል ሲሞንሰን ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የዘመድ ካፖርት ታቅፎ፣ ሣሩ ላይ ቆመ። የብሪን ትንንሽ ልጆች እግሩ ሥር ይሯሯጣሉ። የሚገባው ሰው ሁሉ አየው። "ቨርል? ውጭ?" እያለ በሹክሹክታ ገባ። ምን ሠርቶ ይሆን የሚለው ወሬ በሩ ሳይዘጋ ተጀመረ። ቨርል ያንን ሹክሹክታ ከውጭ በኩል ሲሰማው የመጀመሪያው ነው።  ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ይሄን ችሎ፣ የእህቱን እጅ ይዞ፣ እየቀለደ መቆሙን አሰበ።

ካፖርቶቹን በአንድ እጁ ሰብስቦ ስልኩን አወጣ።

"ሃሎ?"

"ቴይን፣ አባትህ ነኝ።"

"ምነው? ሠርጉ አልተጀመረም እንዴ?"

"ተጀምሯል። ውስጥ ናቸው።"

"አንተስ?"

"ውጭ ነኝ። ሣሩ ላይ። ካፖርት ይዤ።"

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለቴይን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

"ማን ከለከለህ?"

"ማንም። ጥያቄዋ ላይ ስደርስ... አንተ የቆምክባት ላይ እኔም ቆምኩ።"

ከወዲያ በኩል የወንድ ድምፅ "ማነው?" ሲል ይሰማል። "አባቴ ነው" አለ ቴይን። ቨርል ስልኩን ጆሮው ላይ ጫን አደረገ።

"መንገዱ እንዴት ነው?" አለ።

"አባዬ፣ እባክህ..."

"ወደ እናንተ ቤት የሚመጣው መንገድ። እሱን ነው የምልህ። አሁን ልነሳ እችላለሁ።"

ልጁ ሲተነፍስ ይሰማዋል። 

"ዛሬ አትምጣ" አለ ቴይን። ቁጣ የለበትም፤ ድካም ብቻ። "እኔ አንተን ስጠብቅ እናቴ ሞተች አባዬ። አሁን በአንድ ስልክ እሺ ልልህ አልችልም። ላስብበት። እኔ ደውዬ ቀጠሮ እሰጥሃለሁ።"

"እሺ" አለ ቨርል። "እሺ የኔ ልጅ። እጠብቃለሁ።"

በሩ ተከፈተና ማሬን ነጭ ለብሳ ወጣች። ፎቶ አንሺው "የሙሽራዋ አባት! ወዲህ ይምጡ፣ ደረጃው ላይ!" ብሎ ተጣራ። ቨርል ካፖርቶቹን የሚያቀብለው ሰው ግራና ቀኝ ፈለገ። ካፖርት መቀበሉ የቴይን ሥራ ነበርና ማንም አልተገኘም። በፎቶው ላይ ከነካፖርቶቹ ነው ያለው።

አሁን እሑድ እሑድ ከኋላ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ቁርባኑ ሲዞር፣ ብቁ አይደለሁም ብሎ፣ ሳይቀምስ ሰሃኑን ያሳልፋል። ስልኩን ድምፁን ሳያጠፋ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። በጸሎት መሀል ስልክ ክፍት ማድረግ እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሽማግሌው ቨርል ግን ማንም አይቆጣውም። እስካሁን አልጮኸም።